ስጽፍ አታናግረኝ

የኤዲተር (የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም) ጠቋሚ ብልጭ ድርግም የሚልባት ቦታ ከስክሪኑ ሁሉ ውዷ ናት። ዓይናችን ያለው እዚያ ነው፤ ሐሳባችንም። በጎን ያለውን የፋይል ዝርዝርና ከታች ያለውን መስመር ቀኑን ሙሉ ሳናያቸው ልንውል እንችላለን። ጠቋሚው አጠገብ ግን አንዲት ነጥብ ከተንቀሳቀሰች ወዲያው እናያታለን። ለዚህም ይመስለኛል ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ኤዲተሩ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም፣ መሥራት የጀመረ ሰው ሁሉ እዚያች ቦታ ላይ አንድ ነገር መለጠፍ የሚያምረው።

እኔንም አምሮኛል። ምክንያትም ነበረኝ።

የእንጀራ ሥራዬ የአፕሊኬሽን ጽሑፎችን በአማርኛ ማዘጋጀት ነው። “ይግቡ”፣ “ይውጡ”፣ “የይለፍ ቃልዎን ረሱ?” የሚሉትን ዓይነት። ጽሑፎቹ ጄሰን በሚባሉ፣ እያንዳንዱ ጽሑፍ በስም በስሙ በሚቀመጥባቸው ፋይሎች ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ እኛም ቪኤስ ኮድ የሚባለውን ኤዲተር ከፍተን እንጽፋቸዋለን። ጥቂት ሲሆኑ ችግር የለም። ሲበዙ ግን የፊደል ጣጣ ይመጣል። አንዱ ገጽ ላይ “ሥራ”፣ ሌላው ላይ “ስራ”። እዚህ “ዓለም”፣ እዚያ “አለም”። “ፀሐይ”ንማ ተዉት፤ በጸና በፀ፣ በሀና በሐ፣ በኀና በሃ እያቀያየራችሁ ስትጽፉት ማለቂያ የለውም።

የሀ፣ የሐ እና የኀ ድምፅ በአማርኛ አንድ ሆኗል። የሰና የሠ፣ የአና የዐ፣ የጸና የፀም እንዲሁ። አንባቢ ሁሉንም ያነባል፤ ማንም አይከሳችሁም። ግን አንድ አፕ ውስጥ አንድ ቃል በሦስት መልክ ሲመጣ ሥራው ለብ ለብ የተደረገ ይመስላል።

ስለዚህ በተጠራጠርኩ ቁጥር የፍለጋ ሳጥኑን ከፍቼ አንዱን አጻጻፍ እፈልጋለሁ፤ ከዚያ ሌላውን። አወዳድሬ ስመለስ የጀመርኩት ዓረፍተ ነገር ከጭንቅላቴ ወጥቷል። የፈለግኩት ቀላል ነገር ነበር። ጠቋሚዬ “ሥራ” ላይ ሲያርፍ፣ በግራጫ ቀለም፣ “ሌላ ቦታ፦ ስራ” የሚል ፍንጭ ይታየኝ። በቃ።

ፍንጩን ማግኘቱ ያን ያህል አላስቸገረኝም። ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ እዚህ ላይ ደግ ሆኖልናል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ሲገባ ቤቶቹ ስምንት ስምንት ቦታ እየተሰጣቸው ተደረደሩ። በሄክሳዴሲማል፣ በአሥር ሳይሆን በአሥራ ስድስት በሚቆጥረው አቆጣጠር፣ ሀ 1200 ላይ ነው፤ ለ 1208 ላይ፤ ሐ 1210 ላይ። ስለዚህ ከሐ ቤት ወደ ሀ ቤት መሄድ 16 መቀነስ ነው። ከሠ ወደ ሰ 16 መደመር። ከፀ ወደ ጸ 8 መቀነስ። ካዕቡ በካዕብ ቦታ፣ ሳድሱ በሳድስ ቦታ ይገጥማል። ግዕዙና ራብዑ አንድ ድምፅ የሆኑባቸው የሀና የአ ወገኖች ብቻ ትንሽ ተጨማሪ ኮድ ይፈልጋሉ። ቃሉ ሁሉ እንዲህ ወደ አንድ መልክ ተቀይሮ ማውጫ ውስጥ ይገባል። አንድ መልክ ሥር ሁለት የተለያዩ አጻጻፎች ከተገኙ ፍንጭ አለ ማለት ነው።

እዚህ ክፍል ውስጥ የሚያስቸግረው ቅጥያ ነው። “የሥራ”፣ “በሥራ”፣ “ለሥራ” ሁሉም “ሥራ” ናቸው። የፊቷን ፊደል ቆርጦ መጣል ያስፈልጋል። ግን “ከተማ”ን ብትቆርጡት “ተማ” ይቀራል። “በሬ” ደግሞ “ሬ”። የደረስኩበት ደንብ እንዲህ ነው፦ ከተቆረጠ በኋላ የቀረው ራሱን ችሎ ማውጫው ውስጥ ካለ ይቆረጥ፤ ከሌለ ቃሉ እንዳለ ይተው። ለአብዛኛው ይሠራል። “በቆሎ” ግን አሁንም አንዳንዴ “ቆሎ” ይሆንብኛል።

ዋናው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ይህ ፍንጭ የት ይቀመጥ? መቼስ ብቅ ይበል?

ቪኤስ ኮድ የተሠራው በድረ ገጽ ቴክኖሎጂ ፕሮግራም በሚሠራበት በኤሌክትሮን ነው፤ ከውስጥ ሲታይ ድረ ገጽ ነው። ስለዚህ ጀማሪ ሰው “ጠቋሚው ያለበትን ፈልጌ አንድ ሳጥን እስልበታለሁ” ብሎ ያስባል። አይቻልም። ኤክስቴንሽኖች የሚሠሩት በሌላ ፕሮሰስ ውስጥ ነው፤ የኤዲተሩን ስክሪን በቀጥታ መንካት አይፈቀድላቸውም። መጀመሪያ ላይ ያናድዳል። በኋላ ግን ብዙ ኤክስቴንሽን ጭኖ የሚሠራ ሰው፣ ሁሉም የየራሱን ሳጥን እንዳሻው ቢስልበት ምን ሊውጠው እንደሚችል ሳስበው ክልከላውን ወደድኩት። የተፈቀዱ በሮች አሉ። በእነሱ መግባት ነው።

ብዙ ሰው የሚያውቀው ሆቨርን ነው። ማውሱን ቃሉ ላይ ስታሳርፉ የምትመጣዋን ሳጥን። ሴቲንጉን ካልነካችሁት 300 ሚሊሰከንድ ጠብቃ ትወጣለች። በኪቦርድም ትጠራለች፤ ኮንትሮልን ይዞ ኬ፣ ቀጥሎ ኮንትሮልን ይዞ አይ። ኤክስቴንሽንም በኮድ ሊጠራት ይችላል፤ ያኔ ማውሱን ትታ ጠቋሚው ባለበት ብቅ ትላለች። መጀመሪያ የሞከርኩት ይህንን ነበር።

ቢሮ ውስጥ ጽሑፎቻችንን የሚያርሙልን ትልቅ ሰው አሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ከድሮ ጀምሮ በእርማት ሥራ የኖሩ፣ ፊደል የማያልፋቸው ሰው ናቸው። ኤክስቴንሽኑን ኮምፒውተራቸው ላይ ጫንኩላቸው። ዝም ብለው ጥቂት መስመር ጻፉ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና፦

“አንተ ልጅ፣ እኔ ስጽፍ አታናግረኝ” አሉ።

“ምን አደረግኩ ጋሼ?”

“ይኸው በየቃሉ ብቅ እያለ ያናግረኛል። ደግሞ ከላይ ያለውን መስመር ሸፈነብኝ። ያለፈውን ሳላይ የሚቀጥለውን እንዴት አድርጌ ልጻፍ?”

ሆቨር ቦታ ካገኘች የምትወጣው ከመስመሩ በላይ ነው። ኮድ የሚጽፍ ሰው ይህ ብዙም ላይጎዳው ይችላል። ዓረፍተ ነገር የሚጽፍ ግን ያለፈውን መስመር እያየ ነው ቀጣዩን የሚያቀናው። ጋዜጣ ስታነቡ መጥቶ ከፊታችሁ እንደሚገተር ሰው ናት። ከመስመሩ በታች እንድትወጣ የሚያደርግ ሴቲንግ አለ፤ ያኔ ደግሞ የሚቀጥለውን መስመር ትሸፍናለች።

ሌሎቹ በሮችም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። የጀመራችሁትን ቃል የሚጨርሰው ኦቶኮምፕሊት ኢንተርንና ታብን ይወስድባችኋል፤ አዲስ መስመር ልትጀምሩ ኢንተር ስትሉ ያላሰባችሁት ቃል ይገባል። ኢንሌይ ሂንት የሚባለው መስመሩ ውስጥ ሰርጎ ፊደላቱን ወደ ቀኝ ይገፋል። ኮድ ውስጥ ለፓራሜትር ስም (ለፈንክሽን ለሚሰጥ ዋጋ ስም) ጥሩ ነው። ዓረፍተ ነገር መሐል ከሆነ ግን ጠቋሚው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጽሑፉ ወዲያና ወዲህ ይላል። ኮድሌንስ በሁለት መስመሮች መካከል ቦታ ከፍቶ ይገባል፤ እሱም ገጹን ያንቀሳቅሳል።

የቀረው ዲኮሬሽን ነው። ከመስመሩ ጫፍ በኋላ፣ ፋይሉ ውስጥ የሌለ ጽሑፍ ማሳየት ይቻላል። ኮፒ ስታደርጉ አይመጣም፤ ሴቭ ስታደርጉ አይቀመጥም። ጊትሌንስ የሚባለውን ኤክስቴንሽን የተጠቀመ ሰው ያውቀዋል። ጠቋሚው ባለበት መስመር ጫፍ ላይ፣ ይህን መስመር ማን መቼ እንደነካው በደብዛዛ ቀለም ያሳያል። ኤረር ሌንስም የስሕተት መልእክቱን የሚያመጣው እዚያው ጫፍ ላይ ነው። ከጠቋሚው ራቅ ይላል። ግን ምንም አይሸፍንም፣ ምንም አይገፋም። ላየው የፈለገ ዓይኑን ወደ ቀኝ ጣል ያደርጋል። ያልፈለገ ይጽፋል። “ጠቋሚው አጠገብ” የሚለውን ምኞቴን እዚህ ላይ ነው የተውኩት።

ይህን ሳስብ የዜማ መጽሐፍ ትዝ አለኝ። ድጓ ገልጦ ያየ ሰው ያውቃል፤ ከዋናው ጽሑፍ በላይ፣ በመስመሮቹ መካከል፣ ደቃቅ ፊደላት ተጽፈዋል። ምልክት ይባላሉ። ሥርዓቱን ያበጁት እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 በነገሡት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሆኑ ይነገራል። ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ርክርክ የሚባሉ ቅርጾች አሉ፤ ከእነሱ ጋር ደግሞ ከሚታወቅ ዜማ የተቀነጨበች አንዲት ወይም ሁለት ፊደል ትመጣለች። ዜማውን በቃሉ ያላጠና ሰው ምልክቱን ብቻ አይቶ መዝለቅ አይችልም። ያጠናው ግን በአንዲት ፊደል ሙሉው ይመጣለታል።

እነዚያ ሊቃውንት ቦታ ስላነሳቸው ብቻ አይመስለኝም እንዲህ ያሳጠሩት። አንባቢያቸውን ያውቁታል። ፍንጩ የተጻፈው ለሚያውቅ ሰው ነው፤ ሥራው ማስታወስ እንጂ ማስተማር አይደለም። ጋሼም ስለ ሠ እና ሰ ታሪክ ማብራሪያ አይፈልጉም፤ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። የሚፈልጉት ቃሉ ሌላ ቦታ እንዴት እንደተጻፈ ብቻ ነው። ስለዚህ ከፍንጩ ውስጥ የድግግሞሹን ቁጥር አወጣሁ። የፋይሉን ስምም። “ሁሉንም ቀይር” የምትለዋን ሊንክ ማውጣቱ አሳዝኖኝ ነበር፤ ደክሜባታለሁ። ወጣች።

ከቦታው ይልቅ ብዙ ያስቸገረኝ ሰዓቱ ነው። ኤዲተሮች በዚህ ላይ አይስማሙም። ቪም የሚባለው ኤዲተር ጠቋሚው ቆሟል ብሎ የሚያምነው፣ ካልቀየራችሁት በቀር፣ 4000 ሚሊሰከንድ ጠብቆ ነው። ኢማክስ በሚባለው ሌላ ኤዲተር ውስጥ ያለው ኤልዶክ የፈንክሽኑን ፓራሜትሮች ከታች ባለችው መስመር ለማሳየት ግማሽ ሰከንድ ይበቃዋል። እነዚህ ቁጥሮች ግን የታሰቡት አንድ ቁልፍ ሲመታ አንድ ፊደል ለሚወጣለት ሰው ነው።

እኛ ዘንድ ነገሩ ይለያል። አብዛኞቻችን የምንጽፈው በላቲን ኪቦርድ፣ ድምፁን ተከትለን ነው፤ የመጻፊያ ፕሮግራሙ ኪይማን ይሁን ሌላ። “ሰ”ን ለመጻፍ መጀመሪያ የኤስን ቁልፍ ትመታላችሁ፤ ስክሪኑ ላይ “ስ” ይወጣል። ቀጥሎ የኢን ቁልፍ፤ “ስ” ጠፍቶ “ሰ” ይተካል። ለኤዲተሩ ይህ አንድ ፊደል መጻፍ አይደለም። ተጻፈ፣ ተሰረዘ፣ እንደገና ተጻፈ ነው። “ሰላም” ብላችሁ እስክትጨርሱ በመሐል “ስ”፣ “ሰ”፣ “ሰል”፣ “ሰላ” የሚባሉ ቃላት ለቅጽበት ተወልደው ሞተዋል። እያንዳንዱን ለውጥ የሚያዳምጥ ኤክስቴንሽን ለሁሉም ፍንጭ ፍለጋ ይሮጣል። ለአንዳንዶቹም ያገኛል! “ሰል” ላይ ለአፍታ ቆም ካላችሁ የማታውቁት ነገር ጫፍ ላይ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ጋሼ “በየቃሉ ብቅ እያለ” ሲሉ እውነታው ከዚያም የባሰ ነበር፤ በየፊደሉ ነው።

አሁን ጣት ከቁልፍ ከተነሳ በኋላ 700 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል። ያም ብቻ አልበቃም። ጠቋሚው እየተጻፈ ባለ ቃል ጭራ ላይ ከሆነ ስፔስ ወይም ሥርዓተ ነጥብ እስኪመታ ድረስ ዝም ይላል። ያላለቀ ቃል ላይ አስተያየት አይሰጥም።

ከዘገየ መልስ ጋርም ተጣልቻለሁ። ፍለጋው እየተካሄደ ሳለ ሰውየው ወደ ሌላ መስመር ይሄዳል። መልሱ ሲደርስ የቀድሞው ቃል ፍንጭ አዲሱ መስመር ላይ ይለጠፋል። ይህ ዝም ከማለት የከፋ ነው፤ ሐሰት ነው። ስለዚህ ከማሳየቴ በፊት ሁለት ነገር አያለሁ። ጠቋሚው እዚያው ነው? የፋይሉ የቨርዥን ቁጥር እንዳለ ነው? አንዱ ከተቀየረ መልሱ ይጣላል። ቢደከምበትም ይጣላል።

አሁን ደግሞ አራት ነጥብን ላሳያችሁ። ኤዲተሩን “ጠቋሚው ያለበትን ቃል ስጠኝ” ስትሉት የሚከተለው መነሻ ደንብ የቃል መለያ ምልክቶችን ዝርዝር ይዟል። የላቲኑ ነጥብ፣ ኮማ፣ ቅንፍ፣ የጥያቄ ምልክት አሉበት። አራት ነጥብ የለበትም። ነጠላ ሰረዝም የለበትም። ስለዚህ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ያለው “ሥራ።” ለእሱ ከነአራት ነጥቡ አንድ ቃል ነው። ማውጫው ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል የለም። ፍንጩ መሐል ላይ እየሠራ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ድዳ የሚሆነው በዚህ ነው።

ደንቡን ትቼ በራሴ ሬጌክስ (የጽሑፍ መፈለጊያ ቀመር) ልፈልግ ያለ ሰው ሌላ ወጥመድ ይጠብቀዋል። ጃቫስክሪፕት በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ “የቃል ፊደል” ለማለት ሁሉም የሚጠቀምባት አጭር ምልክት የምታውቀው የላቲን ፊደላትን፣ አሃዞችንና የታች ሰረዟን ብቻ ነው። ለእሷ “ኢትዮጵያ” ውስጥ አንድም ፊደል የለም። መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ2018 ቋንቋው ውስጥ የገባው የዩኒኮድ መለያ ነው፤ “የየትኛውም ቋንቋ ፊደል” ማለት ያስችላል። የአንድ መስመር ሥራ ነው። በአማርኛ ጽፎ ያልሞከረ ሰው ግን ችግሩ መኖሩንም አያውቅም፤ አይፈረድበትም።

የቦታ አቆጣጠሩን ባጭሩ ልለፈው። ኤዲተሩና ከጀርባ ሆኖ ጽሑፉን የሚመረምረው ፕሮግራም (ሰርቨሩ) የሚነጋገሩበት ላንጉጅ ሰርቨር ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ የጠቋሚው ቦታ የሚቆጠረው ዩቲኤፍ-16 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ ሆነ። “ሰላም” በዚያ አቆጣጠር 3 ነው፤ በዩቲኤፍ-8 ባይት ግን 9። ሰርቨሩ ባይት ቆጥሮ ከላከ ፍንጩ በእንግሊዝኛ ልክ ቦታው ይቀመጣል፣ በአማርኛ ሦስት እጥፍ ርቆ ይሄዳል። “እንግዲያው አንድ ፊደል አንድ ቁጥር ነው” ብላችሁም አትዝናኑ። እ.ኤ.አ. በ2021 ለጉራጊኛ ተብለው ዩኒኮድ የገቡት ፊደላት በዩቲኤፍ-16 እያንዳንዳቸው ሁለት ሆነው ነው የሚቆጠሩት።

ለምን ቀይ አታሰምርበትም የሚሉኝ አሉ። ቀይ ማለት ስሕተት ማለት ነው። “ስራ” ብሎ የጻፈ ሰው ተሳስቷል የሚል አቋም የለኝም። የግዕዙ ሥር ይጠበቅ የሚል ወገን አለ፤ ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላት ይቀነሱ የሚልም አለ። ክርክሩ እኔ ሳልወለድ የነበረ ነው፤ በአንዲት ኤክስቴንሽን አይዘጋም። እኔ እዚህ እንዲህ ተጽፏል፣ እዚያ ደግሞ እንዲህ እላለሁ። ምርጫው የጸሐፊው ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ጊትሀብ ኮፓይለት የሚባለው የኤአይ ረዳት ያስለመደን ግራጫ ጽሑፍ ከዚህ ለየት ይላል። እሱ ጠቋሚው አጠገብ አይቆምም፤ ጠቋሚው ላይ ነው የሚጽፈው። ታብ ካላችሁ የእናንተ ይሆናል። ኮድ ስጽፍ ደስ ይለኛል፣ ድግግሞሹን ያቀልልኛል። አማርኛ ስጽፍበት ግን ቃል ከአፌ ይነጥቀኛል። “እባክዎ” ብዬ ስጀምር እሱ ጨርሶ ያመጣዋል፤ ያመጣውን ካነበብኩ በኋላ የራሴ ምን ሊሆን እንደነበር ይጠፋኛል። ፍንጭ የሚነግረኝ ስለጻፍኩት ነው። ይህኛው ስላልጻፍኩት ይነግረኛል። ለዚህ ነው የጄሰን ፋይሎቻችን ላይ አጥፍቼው የምሠራው። ብዙ የሥራ ጓደኞቼ በዚህ አይስማሙም።

የተስተካከለውን ይዤ ጋሼ ዘንድ ተመለስኩ። “ይሻላል” አሉ። ከጋሼ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። ቆይቼ ሳይ ግን ሙሉ በሙሉ አጥፍተውታል።

“ምነው ጋሼ፣ አሁንም ይረብሻል?”

“አይረብሽም። ግን ይመጣ ይሆን እያልኩ እጠብቀዋለሁ። ስጠራው ቢመጣ አይሻልም?”

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ዝም ያለ ፍንጭም ይጠበቃል፤ መጠበቅም ሐሳብ ይሰርቃል። ቪኤስ ኮድ ለኢንሌይ ሂንት እንዲህ ያለ አማራጭ አለው፤ ኮንትሮልና ኦልት አንድ ላይ ተይዘው እስካሉ ድረስ ብቻ ይታያል። እኔም መነሻውን እንደዚያ አደረግኩት። ካልተጠራ አይመጣም። በራሱ እንዲመጣ የሚፈልግ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ይክፈት።

የመጥሪያውን ቁልፍ መምረጥ ግን ራሱን የቻለ ፈተና ሆነ። ኮንትሮልና ስፔስ የኦቶኮምፕሊት ነው፤ ማክ ላይ ደግሞ ኪቦርዱን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ይቀይርባችኋል። ኦልትና ሺፍት ዊንዶውስ ላይ የሚሠራው ይህንኑ ነው። የኤፍ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሳያቸው ሁሉም ባለቤት አላቸው። ጋሼን ጠየቅኳቸው። ዝርዝሩን አዩና “ኤፍ9 ምንድን ነው የሚሠራው?” አሉ። ኮድ መሐል ብሬክፖይንት (ፕሮግራሙ ለአፍታ የሚቆምበት ምልክት) ማስቀመጫ ነው አልኳቸው። “እኔ ዘንድ ሥራ ፈት ነው ማለት ነው” አሉና እሱን ወሰዱ።